አንድ ቁጥር ቀይሮ ፕሮግራም መማር

ሉዋንቲ የሚባል በነፃ የሚገኝ የኮምፒውተር ጌም መድረክ አለ፤ እስከ 2024 እ.ኤ.አ. ድረስ ስሙ ማይንቴስት ነበር። ዓለሙ በሙሉ ከኪዩብ የተሠራ ነው፤ ተጫዋቹ ይቆፍራል፣ ይገነባል፣ ይዘላል። ምን ያህል ከፍ ብሎ እንደሚዘል ከሚወስኑት ቁጥሮች አንዱ ስበት ሲሆን ጌሙ ሲጀመር ዋጋው 1 ነው። በአንድ አጭር የስክሪፕት መስመር ይህን ቁጥር ወደ 0.5 ዝቅ ያደረገ ሰው ተጫዋቹ እጥፍ ሲዘል ያያል። 0.165 ብሎ የጻፈ ደግሞ በጨረቃ ላይ እንዳለ ሰው የሚንሳፈፍ ተጫዋች ያገኛል፤ የጨረቃ ስበት የምድርን አንድ ስድስተኛ ገደማ ነውና። በእኩል ፍጥነት ከመሬት የተነሣ አካል የሚደርስበት ከፍታ ስበቱ በቀነሰ መጠን እንደሚጨምር በፊዚክስ ክፍል የተማርነው እዚህ በዓይን ይታያል።

ሌሎች የሠሩትን ጌም እንዲህ መቀየር ሞዲንግ ይባላል፤ የተቀየረው ሥራም ሞድ። ፕሮግራም መጻፍ ለሚጀምር ወጣት ከዚህ የተሻለ መግቢያ አላውቅም። የተለመደው መጽሐፍ በጥቁር ስክሪን ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር በማሳየት ይጀምራል፤ ተማሪው ደግሞ «ታዲያ ምን ያደርግልኛል?» ብሎ ይተወዋል። ሞድ የሚሠራ ልጅ ግን የጻፈው ነገር ምን እንዳደረገ ማንም ሳይነግረው ያውቃል።

ይህ የሚቻለው ብዙ ጌሞች በሁለት ክፍል ስለሚሠሩ ነው። ሥዕሉን የሚስለው፣ ድምፁን የሚያሰማው፣ ግጭትን የሚያሰላው ክፍል ኢንጂን ይባላል። ስክሪኑ በሰከንድ 60 ጊዜ እንዲታደስ ከተፈለገ ለእያንዳንዱ ሥዕል ያለው ጊዜ ከ17 ሚሊሰከንድ አይበልጥም፤ ስለዚህ ኢንጂን እንደ ሲ ፕላስ ፕላስ ባሉ ፈጣን ቋንቋዎች ይጻፋል። ሰይፉ ምን ያህል እንደሚጎዳና በሩ መቼ እንደሚከፈት የሚወስኑት ሕጎች ግን ብዙ ጊዜ የሚጻፉት በስክሪፕት ነው። ስክሪፕት ማለት በተራ ኖትፓድ ተከፍቶ ሊታረም የሚችል ጽሑፍ ነው።

ጌም ሠሪው ኢድ ሶፍትዌር በ1993 ዱም የተባለውን ጌም ሲያወጣ ካርታዎቹን፣ ሥዕሎቹንና ድምፆቹን ከኢንጂኑ ለይቶ በሌላ ፋይል ስላስቀመጣቸው ተጫዋቾች የራሳቸውን ካርታ መሥራት ጀመሩ። ዛሬ በመላው ዓለም የሚታወቀው ዶታ የተባለው ጌምም ተጫዋቾች በሌላ ጌም፣ በዋርክራፍት 3፣ የካርታ ማዘጋጃና ስክሪፕት የሠሩት ሞድ ነበር።

ሉዋንቲ የሚጠቀምበት የስክሪፕት ቋንቋ ሉአ ይባላል፤ የትውልድ ታሪኩ ልብ ሊባል ይገባዋል። የተሠራው በ1993 በብራዚል፣ በሪዮ ዴ ጄኔሮ የካቶሊክ ዩኒቨርሲቲ ነው። ሠሪዎቹ ሮቤርቶ ኢዬሩሳሊምስኪ፣ ሉዊዝ ኤንሪኬ ዴ ፊጌሬዶና ቫልዴማር ሴሌስ ናቸው። ብራዚል የውጭ ኮምፒውተርና ሶፍትዌር እንዳይገባ ለዓመታት አጥብቃ ስለተቆጣጠረች ባለሙያዎቿ የሚያስፈልጋቸውን ራሳቸው መሥራት ለምደው ነበር። ከደንበኞቻቸው ትልቁ የነዳጅ ኩባንያው ፔትሮብራስ ነው። የኩባንያው መሐንዲሶች ፕሮግራም የመጻፍ ሙያ ስላልነበራቸው ቋንቋው ትንሽ፣ ግልጽና በሌላ ፕሮግራም ውስጥ በቀላሉ የሚገባ መሆን ነበረበት። ለጌም ሠሪዎችም የሚፈለገው ይኸው ሆነ። በ1998 ግሪም ፋንዳንጎ የተባለው ጌም ተጠቀመበት፤ በ2004 የወጣው ወርልድ ኦፍ ዋርክራፍት የስክሪኑን ገጽታ ተጫዋቾቹ ራሳቸው በሉአ እንዲቀይሩት ፈቀደ። ለነዳጅ መሐንዲሶች የታሰበ ቋንቋ የብዙ ሚሊዮን ወጣቶች የመጀመሪያ የፕሮግራም ቋንቋ ሆነ። ይህ ቋንቋ ከሲሊከን ቫሊ ውጭ መወለዱ ለእኛም የሚነግረን ነገር ያለ ይመስለኛል።

ወደ ስበቷ እንመለስ። ያቺ መስመር በፋይሉ ላይ ብቻዋን ብትቀመጥ ጌሙ ገና ሳይጀምር ይቆማል። ሉዋንቲ ሞዶችን የሚያነበው ዓለሙን ሲያስነሣ ስለሆነ በዚያች ቅጽበት ተጫዋቹ አልገባም። ስክሪፕቱ የሌለ ሰው ፈልጎ ያጣል። ሉአ የሌለን ነገር «ኒል» ይለዋል፤ ኒልን ደግሞ ምንም ማዘዝ አይቻልም። ወዲያው የስሕተት መልእክት ይወጣል። ብዙ ጀማሪ መልእክቱን ሲያይ ደንግጦ ይዘጋዋል፤ ነገር ግን የፋይሉ ስምና የስሕተቱ መስመር ቁጥር እዚያው ተጽፎ ይገኛል። ይህን መልእክት ረጋ ብሎ ማንበብ የቻለ ሰው የሙያውን ትልቅ ክፍል ይዟል ብዬ አምናለሁ።

መፍትሔው ለኢንጂኑ አደራ መስጠት ነው፦ «ተጫዋች ሲገባ ይህን ሥራ»። ጎረቤትን «እንግዳ ሲመጣ ጥሪኝ» ብሎ እንደመሄድ ነው። ስክሪፕቱ አደራውን ሰጥቶ ዝም ይላል፤ ጊዜው ሲደርስ ኢንጂኑ ራሱ ይጠራዋል፣ የገባውንም ተጫዋች ያስረክበዋል። ብሎክ ሲቆፈር፣ ተጫዋች ሲሞት፣ መልእክት ሲጻፍ፣ ለሁሉም እንዲህ ያለ አደራ መስጠት ይቻላል። በስልካችን ላይ ያሉት መተግበሪያዎችም የሚሠሩት በዚሁ አሠራር ነው፤ ቁልፉ እስኪነካ ይጠብቃሉ።

ይህን ያልተረዳ ጀማሪ በሩ ከ5 ሰከንድ በኋላ እንዲዘጋ ሲፈልግ «5 ሰከንድ እስኪሞላ ደጋግመህ ሰዓቱን እይ» የሚል ዑደት ይጽፋል። ችግሩ የሚመጣው ከዚህ ነው። ሉዋንቲ ዓለሙን በሰከንድ ብዙ ጊዜ ወደፊት ያራምደዋል፤ በእያንዳንዱ እርምጃ ስክሪፕቶቹን ተራ በተራ ይጠራና እስኪጨርሱ ይጠብቃል። አንዱ ስክሪፕት ሰዓት እያየ ከቆመ ዓለሙም አብሮት ይቆማል፤ በሩም አይንቀሳቀስም። ትክክለኛው ትእዛዝ «ከ5 ሰከንድ በኋላ ጥራኝ» የሚለው ነው፤ እስከዚያ ዓለሙ ሥራውን ይቀጥላል።

በአማርኛ ሞድ መሥራት የሚፈልግ ደግሞ አንድ ተጨማሪ ነገር ማወቅ አለበት። የሉአ ትእዛዞች በእንግሊዝኛ ናቸው፤ ሉዋንቲ በሚጠቀምበት ሥሪት ግን ቋንቋው ለራሱ የያዛቸው ቃላት 21 ብቻ ናቸው። ተጫዋቹ የሚያነበው ጽሑፍ በፊደላችን ሊጻፍ ይችላል። ጥንቃቄው ርዝመት ሲቆጠር ነው። ሉአ የሚቆጥረው ባይት እንጂ ፊደል አይደለም፤ በዩቲኤፍ 8 አጻጻፍ እያንዳንዱ ፊደላችን 3 ባይት ይይዛል። ስለዚህ «ሰላም» የሚለው ቃል ርዝመት ሲጠየቅ መልሱ 9 ይሆናል። የተጫዋቾችን መልእክት በ10 ባይት የሚቆርጥ ሞድ ሦስት ፊደል ካሳየ በኋላ አራተኛውን መሐል ላይ ይሰብረዋል፤ በቦታውም የማይነበብ ምልክት ይታያል። ይህን ሊያስተካክል የሚችለው ፊደሉን የሚጠቀምበት ሰው ነው፤ በእንግሊዝኛ ብቻ የሚሠራ ፕሮግራመር ችግሩ መኖሩንም ላያውቅ ይችላል።

በውድድር ጌሞች ውስጥ ብልጫ ለማግኘት ስክሪፕት ማስገባት ማጭበርበር ነው፤ አካውንትም ያስዘጋል። ሞድ የሚሠራው በተፈቀደበት ነው፤ ሉዋንቲ ደግሞ የተሠራው ለዚሁ ነው።

መጀመር የሚፈልግ ሁሉ ከባዶ ፋይል አይጀምር። ሌላ ሰው የሠራውን ትንሽ ሞድ ይክፈት፣ የገባውን አንድ ቁጥር ይቀይር፣ ፋይሉን አስቀምጦ ጌሙን እንደገና ያስነሣ። ካልሠራ አንዱን ለውጥ ብቻ መመለስ ይበቃዋል። የትምህርት ቤት የአይሲቲ መምህራንም ይህን ብትሞክሩት እላለሁ፤ ሉዋንቲ ክፍያ አይጠይቅም፣ በድሮ ኮምፒውተር ላይ ይሠራል፣ በላዩ ከሚጫወቱት ጌም ጋር አንዴ ከወረደ በኋላም ኢንተርኔት አያስፈልገውም።