ቆጥሮ ማስገባት፣ ቆጥሮ ማውጣት

የባሕር ሥነ ሕይወት ተማሪ ትምህርቱን በመጽሐፍ ብቻ አይጨርሰውም። የአውስትራሊያው ኩዊንስላንድ ዩኒቨርሲቲ በሄሮን ደሴት የምርምር ጣቢያ አለው፤ ወደዚያ የሚሄዱ ተማሪዎች ኮራሉንና ዓሣውን በመኖሪያው ያጠናሉ። ለመሆኑ ጠልቆ የሚማር ተማሪ ከምን ይጠበቃል? ጠባቂውስ ማነው?

አደጋው ሁለት መልክ አለው። አንደኛው የተፈጥሮ ነው። ሰው 10 ሜትር ሲጠልቅ በሰውነቱ ላይ ያለው ግፊት በእጥፍ ያድጋል፤ የሚተነፍሰው ናይትሮጅንም በደሙ ይሟሟል። ተቻኩሎ ከወጣ ጋዙ እንደተከፈተ ለስላሳ መጠጥ አረፋ ይሠራል። በተከታታይ ቀናት የጠለቀ ሰው አውሮፕላን ከመሳፈሩ በፊት ቢያንስ 18 ሰዓት እንዲቆይ የሚመከረውም ለዚህ ነው።

ሁለተኛው የሰው ቸልተኝነት ነው። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 1998 በታላቁ የኮራል ሪፍ አንዲት ጀልባ ሁለት አሜሪካውያን ባልና ሚስት ባሕር ውስጥ ትታ ተመለሰች። መቅረታቸው የታወቀው ከሁለት ቀን በኋላ ነበር፤ አስከሬናቸውም አልተገኘም። የጀልባዋ አዛዥ ሰው በመግደል ተከሶ በነፃ ተለቀቀ፤ ድርጅቱ ግን የገንዘብ ቅጣት ተጣለበት። ከዚያ ወዲህ የኩዊንስላንድ ደንብ ጠበቀ፤ የጠላቂዎቹ መዝገብ እንዲያዝና ጀልባው ላይ ያለው ሰው ሁሉ እንዲቆጠር ያስገድዳል።

እንደ ሕግ ባለሙያ ይህን ደንብ የምወደው ኃላፊነትን በስም ስለሚያስይዝ ነው። የሁሉም የሆነ ሥራ የማንም አይሆንምና። ክስም ሆነ ካሣ የሞተውን አይመልስም፤ ቆጠራው ግን በሕይወት ያለውን ያስቀራል። ልጁን ለመስክ ትምህርት የሚልክ ወላጅ አስቀድሞ «ቆጣሪው ማነው?» ብሎ ይጠይቅ።