አክታ ለምን ይበዛል?

በአዊ ዞን፣ በእንጅባራና በዳንግላ መካከል በሚገኘው የፋግታ ለኮማ ወረዳ፣ የዲከረንስ ዛፍ በብዙ ማሳዎች ላይ ይታያል። ይህ ከአውስትራሊያ የመጣ የግራር ዝርያ ለገበሬው የገቢ ምንጭ ሆኗል፤ ከሰሉም እስከ አዲስ አበባ ይጫናል። ይሁን እንጂ በአፈር ተሸፍኖ ለቀናት የሚጨሰውን ክምር የሚጠብቀው ከሰል አክሳይ፣ እንዲሁም በማገዶ እንጀራ የምትጋግረው እናት፣ ጭሱን ወደ ሳንባቸው ይስባሉ። ጭሱ በዚያ ምን እንደሚያደርስ እንመልከት።

የአየር ቧንቧችን ውስጠኛ ግድግዳ ዘወትር ስስ ዝልግልግ ፈሳሽ ያመነጫል። ፈሳሹ አቧራንና ጀርሞችን ያጠምዳል። ሲሊያ የተባሉ ጥቃቅን ፀጉር መሰል አካላት በሴኮንድ 10 ጊዜ ያህል እየተወዛወዙ ወደ ጉሮሮ ይገፉታል፤ እኛም ሳናውቀው እንውጠዋለን። ጭስ ለዓመታት ሲገባ ግን ሲሊያዎቹ ይጎዳሉ፤ ፈሳሽ አመንጪ ዕጢዎችም ያብጣሉ። የሚመነጨው እየበዛ፣ የሚጠረገው እያነሰ ሲሄድ አክታ ይጠራቀማል፤ ቧንቧው ይጠባል፤ ትንፋሽም ያጥራል።

ስለዚህ መፍትሔው ከምንጩ ይጀምራል። የጭስ መውጫ ያለው ምድጃ መጠቀም፣ ከሰል ሲከስልም ነፋሱ በሚመጣበት በኩል መቆም ይጠቅማል። ሰውነት ውኃ ሲያንሰው አክታ ስለሚወፍር በቂ ውኃ እንጠጣ። ቀና ብሎ ተቀምጦ በጥልቅ መተንፈስ፣ ከዚያም አፍን ከፍቶ «ሃ» እያሉ አየሩን በኃይል ማስወጣት አክታውን ያላቅቀዋል።

ሳሉ 2 ሳምንትና ከዚያ በላይ ከቆየ፣ ወይም አክታው ደም ከቀላቀለ፣ የሳንባ ነቀርሳ ሊሆን ስለሚችል ሳይዘገዩ ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ያስፈልጋል። «የጭስ ሳል ነው» ብሎ መተው ሕይወት ሊያስከፍል ይችላል።