ሰነድ ከማባዛታችን በፊት ወረቀቱን እንይ

በቅርቡ አንዲት እናት እጥፍጥፍ ያለች ወረቀት ይዘው ወደ ዝግጅት ክፍላችን መጡ። «ልጆቼ፣ የልጄ የሕክምና ወረቀት ናት፤ ኮፒ አድርጉልኝ» አሉን። ገልጠን ብናያት ባዶ! ፊደሉ ሙልጭ ብሎ ጠፍቷል። እኛም አንገታችንን ደፋን።

ማንም አልፋቀውም። ነገሩ የወረቀቱ ጠባይ ነው። የደረሰኝና የድሮ ፋክስ ወረቀት ቀለም አይቀባም፤ ሙቀት ሲነካው የሚጠቁር ቅብ አለው። ፀሐይ፣ ሙቀትና ላብ ደግሞ ጽሑፉን ያደበዝዙታል። ለመለየት ጠርዙን በጥፍር ፈጠን አድርጋችሁ ጫሩት፤ ጥቁር መስመር ካወጣ እሱ ነው። በዚያው ቀን ኮፒ አስደርጉት። ላሚኔት ግን አታስደርጉት፤ የማሽኑ ሙቀት ሁሉንም ያጠቁረዋል።

ኮፒውስ በምን ወረቀት? ሶሎሎ ከተማ ወደ ማተሚያ ቤት ስትገቡ መጀመሪያ ማሽኑን ጠይቁ። ሌዘር ከሆነ የዱቄት ቀለሙን በሙቀት አቅልጦ ወረቀቱ ላይ ስለሚያጣብቀው ውሃ ቢነካው ጽሑፉ አይፈስም። በፈሳሽ ቀለም የሚያትመው ኢንክጄት ለፎቶግራፍ ያምራል፤ ብዙው ቀለሙ ግን በዝናብ ይለቃል። ስለዚህ ለምስክር ወረቀትና ለልደት ካርድ ኮፒ ሌዘር ይሻላል። ለኢንክጄት የተሠራውን አብረቅራቂ የፎቶ ወረቀት ሌዘር ውስጥ እንዳታስገቡ፤ ቅቡ ቀልጦ ማሽኑን ያበላሻል።

ቀጥሎ ክብደቱ። «80 ግራም» ሲባል የአንድ ካሬ ሜትር ወረቀት ክብደት ነው። አንድ ካሬ ሜትር 16 ኤ4 ይወጣዋል፤ ስለዚህ አንዱ ቅጠል 5 ግራም ይመዝናል። 500 ቅጠል ያለው ደስጣ ደግሞ 2.5 ኪሎ ገደማ መሆን አለበት። ከተጠራጠራችሁ የባለሱቁ ሚዛን ላይ አስቀምጡት! በጣም ከቀለለ ወይ ቅጠሉ ጎድሏል፣ ወይ ወረቀቱ ሳስቷል። ሳሳ ያለው ለአንድ ገጽ ይበቃል፤ በሁለት ገጽ ሲታተም ግን የኋላው ፊደል ወደ ፊት ይታያል። እኛም ይህችን መጽሔት በሁለት ገጽ ስናትም ከ80 ግራም አንወርድም።

አቀማመጡም ቀላል ነገር አይደለም። ወረቀት እርጥበት ይጠጣል፤ ያን ጊዜ ይጠቀለልና ማሽን ውስጥ ይሰነቀራል። የተረፈውን በራሱ መጠቅለያ ዝጉት፣ ከመሬትም ከፍ አድርጉት። ዋናውን ሰነድ ላሚኔት አታስደርጉ፤ ማኅተም ወይም ፊርማ ቢያስፈልግ መጨመሪያ አይኖረውም። ሁለት ኮፒ አውጡና አንዱን ዘመድ ዘንድ አኑሩ።

ይህን ሁሉ ማለታችን ያለ ምክንያት አይደለም። በመጋቢት 2010 (እ.ኤ.አ. 2018) ከሞያሌ የሸሹ ወገኖቻችን ወደ ኬንያ ተሻግረው ሶሎሎም ላይ ተጠልለው እንደነበር እናስታውሳለን። ሰው ሲሸሽ ድስቱንም አልጋውንም ጥሎ ይወጣል። የልጁ ስም፣ የተማረበት፣ የታከመበት የሚመሰከረው ኪሱ ውስጥ ባለችው ወረቀት ነው። እነዚያ እናት ዛሬ የሕክምናውን ታሪክ ከመጀመሪያው እየተናገሩ ነው። እናንተ ግን ዛሬ ማታ ሳጥናችሁን ክፈቱና ወረቀቶቻችሁን አንድ በአንድ እዩ።