አያትን ይዞ በትልቁ መርከብ፦ ተረትና እውነታ

ልጅ ውጭ አገር ሲቋቋም መጀመሪያ ገንዘብ ይልካል፤ ሲደላደል ደግሞ ወላጆቹን ለጥየቃ ያስመጣል። ከዚያ አንዱ ልጅ፣ በተለይ አሜሪካ ያለው፣ አንድ ሐሳብ ያነሳል፦ «አኮንም (አያትንም) ልጆቹንም ይዘን በትልቁ መርከብ አንድ ሳምንት እንውጣ!» ወሬው ወላጆቹ ካሉበት አዳሚ ቱሉ ሲደርስ ቤቱ ለሁለት ይከፈላል። አንዱ «ይሰምጣል» ይላል፣ ሌላው «አንዴ ከተከፈለ ሁሉም በነፃ ነው» ይላል፣ ጎረቤት ደግሞ «ጾመኛ ሰው እዚያ ምን ሊበላ?» እያለ ያሟርታል። ችግሩ፣ የሚፈራው ሌላ፣ መጠንቀቅ የሚያሻው ሌላ መሆኑ ነው። ብዙ ጊዜ የሚባሉትን አንድ በአንድ እንያቸው።

ተረት 1፦ «ዝዋይ ላይ ጀልባ እንዲህ ካንገላታን ባሕርማ ይጨርሰናል»

ከባቱ ተነስቶ ቱሉ ጉዶ ደሴት የሄደ ሰው ስጋቱ ይገባዋል። ሐይቁ ጠዋት ጸጥ ብሎ ከሰዓት በኋላ ንፋስ ሲነሳ ሌላ ይሆናል፤ ትንሿ ጀልባም በእያንዳንዱ ማዕበል ትወጣለች፣ ትወርዳለች። ሐይቁ ጥልቀት ስለሌለው ማዕበሉ አጫጭርና ተከታታይ ነው።

ትልልቆቹ የመዝናኛ መርከቦች ግን በሌላ መጠን የሚታሰቡ ናቸው። እ.ኤ.አ. በጥር 2024 ከማያሚ የመጀመሪያ ጉዞዋን ያደረገችው «አይከን ኦፍ ዘ ሲስ» 365 ሜትር ገደማ ርዝመት፣ 20 ፎቅ፣ ሲሞላ እስከ 7,600 መንገደኛና 2,350 ሠራተኛ የሚይዝ አካል አላት። ከውሃው በታች የሚገባው ክፍሏ ብቻ ከ9 ሜትር ይበልጣል። የዝዋይ ሐይቅ እጅግ ጥልቅ የሚባለው ቦታ ደግሞ 9 ሜትር ገደማ ነው፤ ስለዚህ መርከቧ ዝዋይ ላይ ብትቀመጥ ሆዷ ጭቃው ላይ ባረፈ ነበር። 266 ሜትር የሚጠልቀው ሻላ ግን ይችላታል።

ይህን የሚያህል አካል፣ በግራና በቀኝ ጎኑ ውዝዋዜ የሚቀንሱ ክንፎች ተጨምረውለት፣ በተለመደ ቀን መንቀሳቀሱ እምብዛም አይታወቅም። በከባድ አየር ግን ይወዛወዛል። ለአዛውንት ክፍል ሲመረጥ ከመርከቡ መሐል አካባቢና ከዝቅተኛው ፎቅ ቢሆን ውዝዋዜው ይቀንሳል። የማቅለሽለሽ መድኃኒት ግን አንዳንዱ እንቅልፍ ስለሚያመጣና ከሌላ መድኃኒት ጋር ሊጋጭ ስለሚችል፣ የደም ግፊት ወይም የስኳር መድኃኒት የሚወስድ ሰው አስቀድሞ ሐኪሙን ይጠይቅ።

ተረት 2፦ «ታይታኒክም ትልቅ ነበረች»

ነበረች፤ የዛሬው ሕግም የተወለደው ከእሷ ነው። እ.ኤ.አ. በ1912 በሰጠመችው ታይታኒክ ላይ ከነበሩት ሰዎች የነፍስ አድን ጀልባዎቹ ሊይዙ የሚችሉት ግማሽ ያህሉን ብቻ ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላ አገሮች ተሰብስበው የባሕር ላይ ሕይወት ደኅንነት ስምምነትን አወጡ። ዛሬ ዓለም አቀፍ ጉዞ የሚያደርግ የመንገደኛ መርከብ ለተሳፈረው ሁሉ የሚበቃና ከዚያም በላይ ትርፍ የሚሆን የነፍስ አድን ጀልባና ራፍት መያዝ አለበት። እ.ኤ.አ. በጥር 2012 «ኮስታ ኮንኮርዲያ» ጣሊያን ጠረፍ ላይ ድንጋይ መትታ 32 ሰዎች ከሞቱ በኋላ ደግሞ የመንገደኞች የአደጋ ጊዜ ልምምድ መርከቡ ከመነሳቱ በፊት ወይም እንደተነሳ ወዲያው እንዲደረግ ተወሰነ።

ለቤተሰቡ የቀረው ሥራ አንድ ነው፦ ማስታወቂያው በእንግሊዝኛ ስለሚነገር አንዱ ልጅ አያቱን ወደ መሰብሰቢያው ቦታ ይዞ ሄዶ «ደወሉ እንዲህ ሲጮህ እዚህ ነው የምንገናኘው» ብሎ በአማርኛ ወይም በኦሮምኛ ያስረዳ።

ተረት 3፦ «ቪዛው አንዴ ከተገኘ ሌላ ወረቀት አያስፈልግም»

ይህ የብዙ ቤተሰብ ወጥመድ ነው። የመዝናኛ መርከቦቹ አብዛኞቹ በሌላ አገር ባንዲራ የተመዘገቡ ናቸው። እ.ኤ.አ. ከ1886 ጀምሮ በሥራ ላይ ባለው የአሜሪካ ሕግ መሠረት ደግሞ የውጭ ባንዲራ የያዘ መርከብ ከአሜሪካ ወደብ ተነስቶ እዚያው ሲመለስ በመሐሉ ቢያንስ አንድ የውጭ ወደብ መንካት ይኖርበታል። ለዚህ ነው ከሲያትል አላስካ የሚሄደው መርከብ ካናዳ ቪክቶሪያ ላይ የሚቆመው፤ ከማያሚ የሚነሳውም ባሃማስን ወይም ሜክሲኮን የሚነካው። መርከቡ የውጭ ወደብ ነክቶ ሲመለስ መንገደኛው ወደ አሜሪካ እንደገና እየገባ ነው።

ለአሜሪካ ዜጋ ይህ ቀላል ነው። ግሪን ካርድ ያለውም ካርዱንና ጊዜው ያላለፈበት ፓስፖርቱን ይዞ ይጓዛል። ከአዳሚ ቱሉ ለጥየቃ የሄደችው እናት ጉዳይ ግን ሌላ ነው። ከሐምሌ 1 ቀን 2017 ዓ.ም. ጀምሮ አሜሪካ ለኢትዮጵያውያን የምትሰጠው አብዛኛው የጊዜያዊ ጉብኝት ቪዛ ለ3 ወር የሚያገለግልና ለአንድ ጊዜ መግቢያ ብቻ እንዲሆን ተደርጓል። አንዱ መግቢያ አውሮፕላን ማረፊያ ላይ አልቋል ማለት ነው። ለካናዳና ለሜክሲኮ አጭር ጉዞ አንዳንድ ልዩ ሁኔታዎች ቢኖሩም፣ ያለ የስደተኞች ጉዳይ ጠበቃ ምክር በነሱ ላይ ተማምኖ መሳፈር እናትን ሜዳ ላይ ማስቀረት ሊሆን ይችላል። ካናዳም ለኢትዮጵያ ፓስፖርት የራሷን ቪዛ ትጠይቃለች።

አውሮፓም ከዚህ አይለይም። ከባርሴሎና ተነስቶ ቱኒዚያን ወይም ቱርክን ነክቶ የሚመለስ መርከብ የሼንገንን ክልል ለቅቆ ዳግም ስለሚገባ ተደጋጋሚ መግቢያ ያለው ቪዛ ይፈልጋል። ሰነዱ ያልተሟላ መንገደኛ ወደቡ ላይ ይቀራል፤ ገንዘቡም አብዛኛውን ጊዜ አይመለስም።

ተረት 4፦ «አንዴ ከተከፈለ ሁሉም በነፃ ነው»

ክፍሉ፣ ዋናው ምግብ ቤት፣ ቡፌውና አብዛኛው ትርዒት በትኬቱ ውስጥ ነው። ኢንተርኔት፣ የታሸገ ለስላሳና አልኮል፣ ልዩ ምግብ ቤቶች፣ በየወደቡ የሚደረገው ጉብኝትና ሕክምና ግን ለብቻ ይከፈላሉ። ሰው የሚረሳው ደግሞ የሠራተኞቹን ጉርሻ ነው። ብዙዎቹ ኩባንያዎች በሰው በቀን ከ16 እስከ 20 ዶላር ገደማ በራሳቸው ሒሳቡ ላይ ይጨምራሉ፤ ልጅም ይቆጠራል። አያት፣ ባልና ሚስት፣ ሦስት ልጆች፣ ማለትም 6 ሰው፣ ለ7 ቀን በ18 ዶላር ቢታሰብ 756 ዶላር ነው። ይህ ትኬቱ ሲገዛ ካልተነገረ በመጨረሻው ቀን ጭቅጭቅ ይሆናል።

ስልክም አለ። መሐል ባሕር ላይ የተለመደው ኔትወርክ የለም። ስልኩ ሳይታሰብ የመርከቡን ሳተላይት ከያዘ ሒሳቡ ያስደነግጣል። የአያትን ስልክ ከወደቡ ሳይርቁ «ኤርፕሌን ሞድ» ላይ ማድረግ ነው።

ተረት 5፦ «ጾመኛ ወይም ሃላል የሚበላ ሰው ይራባል»

አይራብም፤ አጠያየቁን ካላወቀ ግን ሳያውቅ ሊፈስክ ይችላል። አሜሪካ ያሉ ልጆች ትምህርት ቤት የሚዘጋው በበጋቸው፣ ማለትም በእኛ ክረምት ስለሆነ የቤተሰብ ጉዞ ብዙ ጊዜ ፍልሰታ ላይ ይወድቃል። ከነሐሴ 1 እስከ 15 የምትጾም አያት «ቬጀቴሪያን» ብለው ቢያዙላት ቅቤ፣ አይብና እንቁላል ያለበት ሳህን ይመጣላታል። የሚፈለገው ቃል «ቪጋን» ነው። ሾርባው በአጥንት መረቅ፣ ሩዙ በቅቤ መሠራቱንም መጠየቅ ያስፈልጋል። እስከ ዘጠኝ ሰዓት የምትቆይ ከሆነች፣ በዚያ ሰዓት ክፍት የሚሆነውን ምግብ ቤት በመጀመሪያው ቀን ማየት ይበጃል። ጉዞን ከጾም ጋር ማስማማት ለከበዳት ደግሞ ከመነሳቷ በፊት ከነፍስ አባቷ ጋር መነጋገሯ የተሻለ ነው።

ለሙስሊም ቤተሰብ በርካታ ኩባንያዎች አስቀድሞ ከተነገራቸው የሃላል ሥጋ ለማቅረብ ይሞክራሉ፤ መነገር ያለበት ግን ከመነሻው ቀን ሳምንታት ቀድሞ ነው። ቡፌው ላይ አሳማና ሌላ ሥጋ ጎን ለጎን ስለሚደረደር፣ አንዳንዱ ጣፋጭም አልኮል ስለሚገባበት፣ ከዋናው ምግብ ቤት አስተናጋጅ ጋር ተነጋግሮ በየምሽቱ ለነገ ማዘዝ ይቀላል።

ተረት 6፦ «ጀበናችንን ይዘን ከገባን ቤታችን ነው»

ከሰልና ጭስ ለመርከብ የመጀመሪያው ጠላት ነው። እሳት ባሕር ላይ ከማዕበል የበለጠ ይፈራል፤ ሰው ሸሽቶ የሚወጣበት ሜዳ የለምና። ስለዚህ ከሰል፣ ሻማ፣ እጣን፣ የኤሌክትሪክ ምድጃና ካውያ መግቢያው ላይ ይወሰዳሉ። ቤት ውስጥ የተዘጋጀ ምግብም ብዙ ኩባንያዎች አይፈቅዱም። ሽሮ፣ በርበሬና እንጀራ የተጫነበት ሻንጣ ወደቡ ላይ እንዳይፈታ አስቀድሞ የኩባንያውን ዝርዝር ማየት ይገባል። ፋብሪካ ያሸገው በሶና ቆሎ የተሻለ ዕድል አለው፤ እሱንም ግን ከመርከቡ ይዞ በየወደቡ መውረድ ላይፈቀድ ይችላል።

ተረት 7፦ «ላረጀ ሰው አይሆንም»

ደረጃ የማይወጣበት፣ ብዙ ሻንጣ የማይሸከሙበት፣ በየቀኑ ሆቴል የማይቀየርበት ጉዞ ለአዛውንት ክፉ አይደለም። ሊፍት አለ፣ ምግቡ ቅርብ ነው። ነገር ግን ኮሪደሩ ረጅምና ሁሉም በር ተመሳሳይ ነው፤ ማንበብ የማትችል አያት ክፍሏን ልታጣው ትችላለች። በሯ ላይ የምታውቀው ምልክት መለጠፍ፣ የክፍሉንም ቁጥር በወረቀት ጽፎ ኪሷ ማድረግ ያሻል። ክፍሏ ሊፍት አጠገብ ይሁን። ዊልቸር የምትፈልግ ከሆነ ሰፊ በር ያላቸው ክፍሎች ጥቂት ስለሆኑ ቀድሞ መያዝ ነው። አንዳንድ ወደብ ላይ መርከቡ ራቅ ብሎ ቆሞ ሰው በትንሽ ጀልባ ስለሚወርድ፣ ዊልቸር ያለበት ሰው ያን ቀን መርከቡ ላይ ሊቀር ይችላል።

ሐኪምና ትንሽ ክሊኒክ አለ፤ ሙሉ ሆስፒታል ግን አይደለም። ክፍያው ውድ ነው፣ በሄሊኮፕተር መወሰድ ካስፈለገም የበለጠ። ለጥየቃ የመጣች እናት ደግሞ ልጇ ያለው የሥራ ቦታ መድን አይሸፍናትም፤ ሕክምናንና ድንገተኛ ማጓጓዝን የሚሸፍን የጉዞ መድን በስሟ ይገዛላት። መድኃኒቷ በእጅ ቦርሳ ይሁን፤ ለተሸካሚ የተሰጠ ሻንጣ ክፍል የሚደርሰው ከሰዓታት በኋላ ነው።

ተረት 8፦ «አንድ መርከብ ላይ ከሆንን ቀኑን ሙሉ አብረን ነን»

በተግባር ልጆቹ መዋኛው ጋ፣ ወጣቶቹ ሙዚቃው ጋ፣ አያት ደግሞ ክፍሏ ውስጥ ከሕፃን ጋር ትቀራለች። የልጆች ማቆያው አብዛኛውን ጊዜ 3 ዓመት ሞልቷቸው ዳይፐር ያቆሙትን ብቻ ነው የሚቀበለው፤ ብዙ ኩባንያዎችም ከ6 ወር በታች ያለ ሕፃን አያሳፍሩም። ስለዚህ ሕፃኑን ማን መቼ እንደሚይዝ ከቤት ሳይወጡ ካልተከፋፈሉ፣ «አያታችንን እናዝናና» የተባለው ጉዞ አያትን ሞግዚት አድርጎ ያልቃል። አንድ ማዕድ፣ ለምሳሌ እራት፣ ሁሉም የሚሰበሰብበት ይሁን፤ ቀሪው ሰዓት ለየምርጫው ይለቀቅ።

ተረት 9፦ «ወደብ ለሌለው አገር ሰው ባሕር ምኑ ነው?»

በ1985 ዓ.ም. ኤርትራ ነፃ ስትሆን ኢትዮጵያ ወደብ አልባ ብትሆንም ባሕረኛ አልባ አልሆነችም። በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የሠለጠኑ የመርከብ መሐንዲሶች በዓለም መርከቦች ላይ ይሠራሉ። ቢሾፍቱ ውስጥም የባቦጋያ የባሕርና ሎጂስቲክስ አካዳሚ አለ። አገሪቱ በራሷ ባንዲራ የሚጓዙ የጭነት መርከቦች አሏት፤ የሚያመጡት ኮንቴይነር ለአዳሚ ቱሉ ሰው እንግዳ ባልሆነው ሞጆ ደረቅ ወደብ ይራገፋል።

ተረት 10፦ «መርከቡ ካልተሳካ ሦስት ትውልድ የሚያዝናና ሌላ የለም»

ወረቀቱ እምቢ ካለ ልጆቹ ወደዚህ ይምጡ። ቱሉ ጉዶ ላይ የዛይ ሕዝብ ይኖራል፤ ገዳሙም በትውፊት ታቦተ ጽዮን በዮዲት ዘመን ተሸሽጋ የቆየችበት ይባላል። መሄጃው ሰዓት ጠዋት ነው፤ የነፍስ አድን ጃኬት ለሁሉም፣ ለሕፃኑም በልኩ መኖሩ ሳይታይ ጀልባ ላይ አይወጣም። ዝዋይ ቢልሃርዝያ ያለበት ሐይቅ ስለሆነ ልጆች አይዋኙበት፤ ለዋና ሰው የሚሄደው ላንጋኖ ነው። ቡናማ ቀለሙ ከታገደ ደለል የመጣ ነው፤ ቆሻሻ መስሏቸው ሳይነኩት የሚመለሱ ግን አሉ።

ቅደም ተከተሉ እንግዲህ ይህ ነው፦ መጀመሪያ የእናት ቪዛ ስንት መግቢያ እንዳለው ይታይ፤ ቀጥሎ መርከቡ የሚነካቸው ወደቦች እያንዳንዳቸው ምን እንደሚጠይቁ፤ ከዚያ መድኑ፣ ክፍሉ፣ ምግቡ። ከእነዚህ አንዱ ያልተመለሰለት ልጅ ቅናሹ ዛሬ ማታ ያልቃል ቢሉትም ካርዱን አያውጣ።