ጠበቃ ሲያጠፋ፣ ተቆጣጣሪው ዝም ሲል

በፍትሐ ብሔር ጉዳይ ይግባኝ ማቅረቢያው ጊዜ 60 ቀን ነው። ጠበቃው ውሳኔ መሰጠቱን ሳይነግር ቀኑ ካለፈ ባለጉዳዩ ቤቱን ወይም መሬቱን ይዞ የሚከራከርበት በር ይዘጋበታል። በ1958 ዓ.ም. የወጣው የሥነ ሥርዓት ሕግ ቀኑ ያለፈው በጠበቃው ጥፋት ከሆነ ይግባኙን ለማስፈቀድ በቂ ምክንያት እንደማይሆን ደንግጓል። ጥፋቱ የጠበቃው፣ ኪሳራው የባለጉዳዩ ነው።

ይህ በጉራጌ፣ ወልቂጤና ቡታጅራ ላይ፣ ከሌላው ቦታ ይልቅ ይከብዳል። የአካባቢው ተወላጅ ብዙው ኑሮው አዲስ አበባ፣ መርካቶ ነው፤ መሬቱና ቤቱ ግን አገር ቤት። ለመስቀል ወይም ለአረፋ ሲመጣ ለዘመዱ ውክልና ይሰጣል፣ ጠበቃ ይይዛል፣ ከዚያ በኋላ ጉዳዩን የሚሰማው በስልክ ነው። ጠበቃው ቀጠሮ ቢቀር፣ የተቀበለውን ገንዘብ ቢያስቀር ወይም ከተከራካሪው ወገን ጋር ቢሞዳሞድ በጊዜ የሚያውቅለት የለም።

አቤት የሚባለው ለማን ነው? መልሱ ፈቃዱ ላይ ተጽፏል። በፌዴራል ፍርድ ቤቶች የሚቆም ጠበቃ በአዋጅ ቁጥር 1249/2013 ይገዛል፤ ፈቃድ ሰጪው ፍትሕ ሚኒስቴር ነው። የፌዴራል ጠበቆች ማኅበርም የተቋቋመው በዚሁ አዋጅ ነው። በክልል ፍርድ ቤት የሚቆመው ደግሞ ፈቃዱን የሚያገኘው ከክልሉ ነው። አካባቢው እስከ 2015 ዓ.ም. በደቡብ ክልል ሥር ነበር፤ ዛሬ በማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ነው፣ ቡታጅራም የምሥራቅ ጉራጌ ዞን ከተማ ሆናለች። ስለዚህ አቤቱታ የያዘ ሰው በቅድሚያ የፈቃዱን ቁጥርና የሰጪውን ስም መያዝ አለበት። የሥነ ምግባር ክስ ሲቀርብ ቅጣቱ ከማስጠንቀቂያ ተነሥቶ ፈቃድ እስከመሰረዝ ይደርሳል።

አቤቱታው ገብቶ መልስ ካልመጣስ? ወራት ካለፉ፣ መዝገቡ ከጠፋ፣ «ነገ ተመለስ» ከበዛ? የኢትዮጵያ ሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 55 እንዲቋቋም ያዘዘው፣ በአዋጅ ቁጥር 211/1992 የተቋቋመው ይህ ተቋም ተጠሪነቱ ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ነው፤ ሚኒስትርም ሆነ ቢሮ ኃላፊ አያዘውም። የሚመረምረው የአስተዳደር በደልን ነው። ጠበቃውን አይቀጣም፤ ጠበቃውን መቆጣጠር ሲገባው የተኛውን መሥሪያ ቤት ግን ይጠይቃል።

አሠራሩ ከፍርድ ቤት የራቀ ነው። አቤቱታ በጽሑፍም በቃልም ይቀርባል፤ ገንዘብ አይከፈልም። ጸሐፊ ቀጥሮ ማመልከቻ ማስጻፍ የማይችል ገበሬ አፉን ከፍቶ መናገሩ ይበቃዋል። ባለጉዳዩ መምጣት ካልቻለ ቤተሰቡ ወይም ወኪሉ ያቀርብለታል። መርማሪው ሰነድ ያስቀርባል፣ ኃላፊውን ይጠራል፣ ከዚያ የመፍትሔ ሐሳብ ይሰጣል። በፍርድ ቤት የተያዘ ጉዳይ ግን አይነካም፤ ያመለጠውን የይግባኝ ቀንም አይመልስም። ይህን ሳያውቁ ሄደው ተስፋ ቆርጠው የሚመለሱ እንዳይኖሩ ደጋግሞ መናገር ያስፈልጋል።

በዓለም የመጀመሪያው እንባ ጠባቂ የተቋቋመው በ1809 እ.ኤ.አ. በስዊድን ነው። እንግሊዝ ከ2010 እ.ኤ.አ. ወዲህ የጠበቃ ደንበኞችን ቅሬታ ብቻ የሚሰማ ራሱን የቻለ እንባ ጠባቂ አላት፤ ጠበቃው የተቀበለውን ክፍያ እንዲመልስ ወይም ካሳ እንዲከፍል ማዘዝም ይችላል። እኛ ዘንድ ያለው ተቋም የሁሉንም መሥሪያ ቤት በደል የሚሰማ ነው፤ ስለ ጠበቃ ብቻ የተቋቋመ የለም። በእኔ እምነት ይህ ጉድለት ነው። የሰባት ቤት ጉራጌ ሰው «የጆካ» በሚባለው ባህላዊ ሸንጎው ፊት ቆሞ ነገሩን በራሱ አንደበት ሲያስረዳ የኖረ ነው፤ በሰው አፍ የሚከራከርበት ፍርድ ቤት ሲመጣ ያንን አፍ የሚቆጣጠር ቅርብ በር ይገባው ነበር።

እስከዚያው ጠበቃ የያዛችሁ ሁሉ ውሉን በጽሑፍ አድርጉ፤ ለከፈላችሁት ብር ደረሰኝ ተቀበሉ፤ የመዝገቡን ቁጥርና የቀጠሮውን ቀን ራሳችሁ ያዙ። አቤቱታ ስታስገቡም ቀኑና ማኅተሙ ያለበትን ቅጂ ሳትይዙ ከቢሮው አትውጡ፤ እንባ ጠባቂው መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ እሱን ነው።