የማይመጣ ዲበገር የሚጠብቅ ፕሮግራም

በጃቫ የተሠራ ፕሮግራም «አልነሳ አለ» ሲባል ብዙዎቻችን በመጀመሪያ የምንጠረጥረው ዳታቤዙን ነው። ከዚያ ሚሞሪውን፣ ከዚያ ኔትወርኩን። ዲበገሩን የሚጠረጥር ግን እምብዛም አይገጥመኝም፤ ስህተት መፈለጊያ ነውና የስህተት ምንጭ ይሆናል ብሎ የሚያስብ የለም። በሥራዬ ከሚያደክሙኝ ብልሽቶች አንዱ ግን ምንም ያልተበላሸበት ነው፤ ፕሮግራሙ ቁም ተብሎ ቆሟል፣ ቁም ያለው ሰው ሥራውን ጨርሶ ሄዷል።

ጄቪኤም ሲነሳ የዲባግ ኤጀንት አብሮት እንዲነሳ ማዘዝ ይቻላል። በትእዛዙ ውስጥ ሳስፔንድ የሚባል ምርጫ አለ። «አዎ» ከተባለ ጄቪኤሙ አንድ ፖርት ይከፍታል፤ ብዙ ጊዜ 5005 ነው። ከዚያ የፕሮግራሙ የመጀመሪያ መስመር ሳይሠራ ቀጥ ይላል። የጊዜ ገደብ ካልተሰጠው በቀር ዲበገር እስኪመጣለት አንድ ሰዓትም ሆነ አንድ ሳምንት ይጠብቃል። ምርጫው በራሱ ጥሩ ነው። ፕሮግራሙ ገና ሲነሳ፣ ዓይን ሳይከደን የሚፈጠር ስህተት ሲኖር መነሻው ላይ ካላስቆሙት በቀር አይያዝም።

በቅርቡ እንዳየው የተጠራሁበት ሰርቨር ማታ መብራት ሄዶ ሲመጣ የተነሳ ነው። «ሲስተምዲ አረንጓዴ ነው፣ አክቲቭ ይላል፤ ፕሮግራሙ ግን አይመልስም። ሎጉ ላይም ከማታ ወዲህ አንድ መስመር የለም» አለኝ ተረኛው ልጅ። ያለው ሁሉ ልክ ነበር። ሲስተምዲ በተለመደው አሠራሩ ፕሮሰሱ መኖሩን እንጂ ሥራ መጀመሩን አያጣራም። ሎጉ ባዶ የሆነውም ሎግ የሚጽፈው ኮድ ገና ተራው ስላልደረሰ ነው። እኔ እስክደርስ ዳታቤዙን አጥፍተው አስነስተዋል፣ ጃቫንም ነቅለው እንደገና ጭነዋል።

በመጀመሪያ ቶፕን ከፈትን። ፕሮሰሱ ከተነሳ ሰዓታት አልፈዋል፤ የበላው የሲፒዩ ጊዜ ግን ከምንም አይቆጠርም። ይህ ብዙ ይናገራል። ዳታቤዝ አልመልስ ያለው ፕሮግራም እንኳ ክላሶቹን እስኪጭንና ግንኙነቱን እስኪሞክር ድረስ ሲፒዩ ይበላል። ቀጥለን ክፍት ፖርቶችን አየን፤ ፕሮግራሙ የሚመልስበት 8080 የለም፣ 5005 አለ። ምክንያቱ ታወቀ። የቀረው ትእዛዙ የተጻፈበትን ቦታ ማግኘት ነው፤ ጊዜ የወሰደውም እሱ ነበር። ፕሮሰሱ የተነሳበትን የትእዛዝ መስመር ብናይ ስለ ዲባግ የሚያወራ ነገር የለበትም። በመጨረሻ በፕሮክ ማውጫ ሥር፣ በፕሮሰሱ ቁጥር ውስጥ ያለውን ኢንቫይሮን የሚባል ፋይል ስናነብ ተገኘ። ጃቫ ቱል ኦፕሽንስ የሚባለው ቫርያብል ውስጥ ነበር። ማንኛውም ጄቪኤም ሲነሳ ይህን ቫርያብል ያነባል፤ በትእዛዝ መስመሩ ላይ ግን አይታይም።

እስከዚያ ሌሊት ለምን አልታወቀም? ፕሮሰስ ኢንቫይሮመንቱን የሚወርሰው አንድ ጊዜ፣ ሲነሳ ነው። ከወራት በፊት አንድ ዴቨሎፐር መስመሩን ሰርቪሱ በሚያነበው ፋይል ላይ ጽፎ ፕሮግራሙን እንደገና አስነሳ፣ ዲበገሩን አገናኘ፣ ስህተቱን አገኘ፣ ዲበገሩን ዘጋ። ዲበገሩ ሲለቀው ፕሮግራሙ ሥራውን ቀጠለ። ሁሉም ደህና ሆነ፤ ፋይሉ ላይ ያለችው መስመር ግን የሚቀጥለውን መነሳት ትጠብቅ ነበር። ሰርቨሩን ያስነሳው መብራት ሆነ፤ ዲበገር ይዞ የሚጠብቀው ሰው ደግሞ በዚያ ሰዓት አልነበረም።

ጄቪኤሙ ዝም አላለም። ቫርያብሉን መቀበሉንና በ5005 ላይ እየጠበቀ መሆኑን በሁለት አጭር መስመሮች ተናግሯል። የተናገረው ግን ሰው ሁሉ በሚከፍተው ሎግ ፋይል ላይ ሳይሆን በሲስተምዲ ጆርናል ላይ ነው። ስለዚህ አሁን ማንም «ሃንግ አደረገ» ብሎ ሲደውልልኝ መጀመሪያ ጆርናሉን አስነብበዋለሁ።

ያው ቫርያብል በተጠቃሚው ፕሮፋይል ላይ ሲጻፍ ደግሞ መልኩ ይለወጣል። የመጀመሪያው የጃቫ ፕሮግራም ፖርቱን ይዞ ይቆማል፤ ተከትለው የሚነሱት ፖርቱ ተይዟል ብለው ወዲያው ይሞታሉ። የጃቫን ቨርዥን መጠየቅ እንኳ አይቻልም። አንዱ ቆሞ ሌላው ሲሞት ያየ ሰው ሁለት ችግር ያለ ይመስለዋል።

የምር የሚቆረቁረኝ ሳስፔንድ ሳይጻፍ ቢቀርም ኤጀንቱ «አዎ» ብሎ መውሰዱ ነው። ቶምካት የራሱን የዲባግ ማስነሻ ሲያዘጋጅ ይህን ገልብጦ ሳይጠብቅ እንዲነሳ አድርጎታል፤ ትክክል ነው፣ ሰርቨር ነውና። የሜቨን የዲባግ ትእዛዝ ደግሞ ይጠብቃል፤ እሱም ትክክል ነው፣ ትእዛዙን የጻፈው ሰው እዚያው ኪቦርዱ ላይ አለና። መጠበቅ የሚያምረው የሚጠበቀው ሰው አጠገብ ሲኖር ነው። ለአንድ ሥራ የታሰበ ትእዛዝ ለዚያ ሥራ ብቻ በትእዛዝ መስመር ይጻፍ፤ ሁሉም ወደሚጋራው ፋይል አይግባ።

ሌላም አለ፣ ከመቆሙ የሚብስ። በዚህ ፖርት የሚገናኝ ሰው ፓስወርድ አይጠየቅም፤ የገባ ሰው በፕሮሰሱ ሥልጣን የፈለገውን ኮድ ማሠራት ይችላል። እስከ ጃቫ 8 ድረስ የፖርት ቁጥር ብቻ ከተጻፈ በሁሉም የኔትወርክ አድራሻዎች ይከፈት ነበር። ከጃቫ 9 ወዲህ በዚያው ማሽን ላይ ብቻ ይከፈታል፤ ከቁጥሩ ፊት ኮከብ ከተጨመረ ግን ወደ ቀድሞው ይመለሳል። ኮንቴይነር ውስጥ ከውጭ ለመገናኘት ሲባል ይህች ኮከብ በየቦታው ትገለበጣለች። ስለዚህ መስመሩን ከማጥፋታችን በፊት ያ ፖርት በእነዚያ ወራት ለማን ክፍት እንደነበር የፋየርዎሉን ደንብ ከፍተን አጣራን። ከውጭ ዝግ ነበር።

ዲባግ ማድረግ ግድ ለሚሆንበት ሰርቨር አሁን የተሻለ መንገድ አለ። አዳዲሶቹ የጃቫ ስሪቶች ኤጀንቱ ተጭኖ፣ ፖርት ሳይከፍትና ማንንም ሳያስቆም እንዲቀመጥ ይፈቅዳሉ፤ በሚፈለግበት ሰዓት ጄሲኤምዲ በሚባለው መሣሪያ ጀምር ይባላል። ለዚያ ቡድን ያስገባሁላቸው እሱን ነው።