ግድቡ ሞልቶ ወረታ ለምን ይጨልማል?

ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ መብራት በጠፋ ቁጥር የሚሰማው ወሬ ያው ነው፦ «5,150 ሜጋ ዋት የት ገባ? ለጎረቤት አገር ተሸጦ ነው!» መብራቱ ብልጭ ብሎ መልሶ ሲጠፋ ደግሞ «ማብሪያ ማጥፊያውን ይዘው እየተጫወቱብን ነው» ይባላል። ወሬው ሰልችቷል፤ መልሱ ያለው ግድቡ ዘንድ አይደለምና።

ኃይል ከማመንጫ በ400 እና በ230 ኪሎ ቮልት ተጉዞ ማከፋፈያ ጣቢያ ላይ ወደ 33 ወይም 15 ኪሎ ቮልት ይወርዳል፤ የሰፈሩ ትራንስፎርመር ደግሞ ለቤትና ለወፍጮ ያደርሰዋል። ይህን ሁሉም ያውቀዋል። ብዙም የማይወራለት መካከል ላይ ያለው፣ ማከፋፈያ ጣቢያው ውስጥ በብረት ካቢኔ የተቆለፈው፣ መስመሩን የሚቆርጠው ብሬከር ነው።

ከዚያ ካቢኔ የሚወጣው መስመር ሜዳ ለሜዳ ይሄዳል። ወረታ ባለችበት በፎገራ ሜዳ ክረምት ሲገባ ርብና ጉማራ ሞልተው ማሳውን ያጥለቀልቃሉ። እንዲህ ባለ መሬት የእንጨት ምሰሶ ሥሩ ይላላል፤ ነፋስ የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ ሽቦ ላይ ይጥላል፤ ትልቅ ወፍ በክንፏ ሁለት ሽቦ ታገናኛለች። ያን ጊዜ በመስመሩ የሚያልፈው ጅረት በቅጽበት ብዙ እጥፍ ያድጋል፤ ጅረቱን የሚከታተለው ሪሌ ይህን ለክቶ ብሬከሩን እንዲከፈት፣ ማለትም ጅረቱን እንዲቆርጥ፣ ያዘዋል።

መክፈት ቀላል ይመስላል። የሩዝ ማሳ ቦይ በጭቃ ሲደፈን ውኃው ይቆማል፤ የኤሌክትሪክ ጅረት ግን መንገዱ ሲቆረጥበት አየሩን ራሱን መንገድ ያደርገዋል። የብሬከሩ ሁለት ጫፎች ሲላቀቁ በመካከላቸው በሺዎች ዲግሪ የሚግል የእሳት ቅስት ይዘረጋል። ጫፎቹ ተለያይተዋል፣ ጅረቱ ግን አልተቋረጠም! መፍትሔው ትዕግሥት ነው። በ50 ኸርዝ የሚመላለስ ጅረት በሴኮንድ 100 ጊዜ ዜሮ ይደርሳል፤ ብሬከሩ ያችን ቅጽበት ጠብቆ ቅስቱ ዳግም እንዳይነሳ ያደርጋል።

ከብሬከር ዓይነቶች አንዱ በሆነው በቫክዩም ብሬከር ጫፎቹ የሚቀመጡት አየሩ ተመጥጦ በታሸገ የሸክላ ጠርሙስ ውስጥ ነው። ቅስቱ የሚኖረው ከጫፎቹ በሚተን ብረት ብቻ ነው። ጅረቱ ዜሮ ሲሆን ትነቱ ይቆማል፤ የብረቱ እንፋሎት በሴኮንድ ሚሊዮንኛ በሚቆጠር ጊዜ በጠርሙሱ ውስጥ ባለው ጋሻ ላይ ይጋገራል፤ ክፍተቱም ባዶ ይሆናል። ለ15 ኪሎ ቮልት አንድ ሴንቲ ሜትር ገደማ ክፍተት ይበቃል። በብዙዎቹ ጫፎች ላይ ጠመዝማዛ ስንጥቅ ይቀረጻል፤ ቅስቱ አንድ ቦታ ቆሞ ብረቱን እንዳያቀልጥ በራሱ መግነጢስ እየተገፋ ይዞራል። (በቫክዩም ፋንታ ሰልፈር ሄክሳፍሎራይድ የተባለውን ጋዝ የሚመርጡ ባለሙያዎች አሉ፤ ቫክዩም ትንሽ ጅረት ከዜሮ በፊት ቆርጦ በሞተር ላይ ከፍተኛ ቮልቴጅ ሊያስነሳ ይችላል ይላሉ፤ እውነት አላቸው። ጋዙ ግን ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ከ20 ሺህ እጥፍ በላይ ከባቢ አየርን የሚያሞቅ ነው።)

መብራቱ ብልጭ ብሎ መልሶ የሚጠፋውስ? በአየር ላይ መስመር ከሚደርሰው ብልሽት አብዛኛው አላፊ ነው፤ ቅርንጫፉ ተቃጥሎ ይወድቃል፣ መስመሩ ነጻ ይሆናል። ስለዚህ ሪክሎዘር የተባለው መሣሪያ ካጠፋ በኋላ ራሱ መልሶ ያበራል፤ ብልሽቱ ካልለቀቀ እንደገና ያጠፋል፤ ከጥቂት ሙከራ በኋላ ተቆልፎ ሠራተኛ ይጠብቃል። ሪክሎዘር በሌለበት ሙከራው በሰው እጅ ነው።

ሐሜቱ ሁሉ ሐሰት ነው ማለትም አይቻልም። ኃይል ሲያጥር ወይም ፍሪኩዌንሲ ሲወርድ መስመሮች ሆን ተብለው ይቆረጣሉ፤ የሚቆርጠውም ይኸው ብሬከር ነው። ቤቱ ለተቀመጠ ሰው በብልሽት የጠፋውንና ሆን ተብሎ የተቆረጠውን መለየት አይቻልም።

ብሬከሩ የማያየውም አለ። የአንድ ትራንስፎርመር አንድ ፊውዝ ብቻ ሲወድቅ የሩዝ መፈልፈያው ሞተር ከሦስቱ ፌዝ በሁለቱ ብቻ ይቀራል፤ ያጓራል፣ አይነሳም፣ ጥቅልሉም ይቃጠላል። 15 ኪሎ ዋት ሞተር በ380 ቮልት 30 አምፔር ገደማ ሲስብ በ15 ኪሎ ቮልቱ በኩል 1 አምፔር እንኳ አይሞላም፤ ጣቢያው ከጤነኛ ጭነት አይለየውም። ያን ሞተር ሊያድን የሚችለው እዚያው መፈልፈያ ቤት ግድግዳ ላይ የሚገጠም የሞተር መከላከያ ሪሌ ነው።